ብቻዋን የመጣችው እንግዳ

ባለፈው ሳምንት ከቪንተርቱር ወደ ዙሪክ በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንድ ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ትልቅ የድርቆሽ ከረጢት ጉልበቱ ላይ አኖረ። ከረጢቱ አንድ ጎኑ ተቀዶ ኖሮ ሽታው እንዳለ መጣብኝ። እኔ ድርቆሽ ሲሸተኝ አልችልም። መጀመሪያ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውዬው አለርጂ ያለብኝ መስሎት ደነገጠና ይቅርታ ጠይቆኝ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አሸሸው። «ኧረ ግድ የለም፣ እንዲያውም መልሰው» ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን ይህን ሁሉ ነገር በሁለት ጣቢያ መካከል እንዴት ብዬ አስረዳዋለሁ? አፍንጫዬን በመሐረብ ጠራረግሁ።

ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

አሥር ዓመቴ ነበር። እማዬና እኔ አድሊስቪል ውስጥ፣ ከዚል ወንዝ አጠገብ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እማዬ ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ የአውሮፕላኖችን ውስጥ ታጸዳለች። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷም እጇ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ትመለሳለች። በዚያ ዓመት የቤታችን ወሬ አንድ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤው። ኤፍ የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃዳችን ወደ ቤ እንዲቀየርልን፣ ማለት ደህናውን የመኖሪያ ፈቃድ እንድናገኝ፣ እማዬ ለክፍለ ሀገሩ መስተዳድር፣ ለካንቶኑ፣ አመልክታ መልስ እየጠበቅን ነበር።

ታዲያ እማዬ ደብዳቤው እስኪመጣ ድረስ ስማችን የትም ቦታ በክፉ እንዳይነሳ ቆርጣ ተነስታለች። መኪና ቀርቶ ድመት በማያልፍበት መንገድ ቀይ መብራት ከበራ ቆማ ትጠብቃለች። እሑድ ጫጫታ ክልክል ነውና ባዶ ጠርሙስ አትጥልም። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተራችን ሲደርስ ከእኛ በፊት የተጠቀመው ሰው የተወውን ቆሻሻ ሳይቀር አጽድታ ነው የምትወጣው። «ካንቶኑ በኋላ ምን ይላል?» ትለኛለች ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር። እኔ ደግሞ ካንቶን ማለት አንድ ኮስታራ ሽማግሌ መስሎኝ ነበር። ከፍ ያለ መስኮት ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እኛን ብቻ የሚያይ። አንዳንዴ ምላሴን ላወጣበት ያምረኝና እተወዋለሁ።

የእማዬ ጀርመንኛ ለሥራዋ የሚበቃ ያህል ነበር፤ ከዚያ ላለፈው ሁሉ አፏም ጆሮዋም እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት እኔ፣ ማዘጋጃ ቤት እኔ፣ የፖስታ ሳጥኑን ወረቀት ማንበብ የእኔ ሥራ። የራሴ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ ሳይቀር አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ፤ እስቲ አስቡት! መምህሬ «ሶስና ክፍል ውስጥ ብዙ ታወራለች» ስትል እኔ «ሶስና ክፍል ውስጥ በደንብ ትሳተፋለች» ብዬ አስተርጉሜያለሁ። እማዬም በኩራት አንገቷን ነቀነቀች።

ሌና የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። አባቷ ጄኔቫ ሥራ አገኘና በየካቲት ወር ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሆነ። ሌና ሁለት ሜርሶይሊዎች ነበሯት። ሜርሶይሊ ማለት ከአይጥ የምትበልጥ፣ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጭራ የሌላት፣ ዓይኗ እንደ ጥቁር አዝራር የሆነ የቤት እንስሳ ናት። አንደኛዋ በገና ሰሞን ሞታ ነጭና ቡናማዋ ፍሌክሊ ብቻ ቀርታለች። የጄኔቫው ቤት ደግሞ ጠባብ ነው ተባለ።

«ትወስጃታለሽ?» አለችኝ ሌና።

«አዎ!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«እናትሽስ?»

«በጣም ደስ ይላታል።»

ምን ደስ ይላታል! እማዬ አይጥ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣ ሴት ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሌናና እናቷ በራችንን አንኳኩ። የሌና እናት በጨርቅ የተሸፈነ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች፤ ጨርቁ ላይ ቀይ ሪባን አስረውበታል። እማዬ ይህን ስታይ የስንብት ስጦታ መሰላት። በእኛ ቤት ደግሞ ስጦታ ከበር አይመለስም፤ ያውም ሰፈር ለቅቆ ከሚሄድ ሰው። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ከዚያ ጨርቁን ገለጠች፤ የሽቦ ሳጥን፣ ውስጡም ፍሌክሊ።

ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም፤ እንግዳ ፊት ስለሆነች። ጥርሷን ነክሳ እየሳቀች «ሶሲ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለችኝ።

የሌና እናት ማስረዳት ጀመረች። ድርቆሽ ሁልጊዜ ከፊቷ አይጥፋ፣ ውኃዋ በየቀኑ ይቀየር፣ ነፋስ አይምታት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እኔን እያየች እንዲህ አለችኝ፤ «ጓደኛዋ ስለሞተች አሁን ብቻዋን ናት። እነዚህ እንስሳት ብቻቸውን መኖር አይችሉም፤ እዚህ አገር እንዲያውም በሕግ አይፈቀድም። ቶሎ ጓደኛ ፈልጉላት። ይህንን ለእናትሽ በደንብ ንገሪያት፣ እሺ?»

እሺ አልኩ። ግን ጭንቅላቴ እንደ ባቡር እየሮጠ ነበር። አንዷን እንኳ እማዬ ከተቀበለች ተአምር ነው፤ ሁለት? በጭራሽ! «በሕግ አይፈቀድም» የሚለው ቃልማ ከአፌ ከወጣ ሳጥኑ የበራችንን ደፍ አያልፍም።

«ጸጥ ያለች ናት፣ ድርቆሽ ብቻ ነው የምትበላው» አልኩ ወደ እማዬ ዞሬ። «ደግሞ ጌታ ቤታችሁን ይባርክ ትላለች።»

የሌና እናት በሕይወቷ የጌታን ስም ስትጠራ ሰምቻት አላውቅም። እማዬ ግን ልቧ ተነካ፤ «አሜን፣ አሜን!» አለች። የሌና እናትም እማዬ ነገሩ የገባት መስሏት በደስታ እጇን ጨበጠቻት።

በሩ እንደተዘጋ እማዬ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«አይጥ ናት!»

«አይጥ ጭራ አላት እማዬ፤ እሷ የላትም።»

«ተቆርጦባት ነዋ!»

የሆነው ሆኖ፣ ስጦታ ነውና አልተጣለችም። መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ቦታ ተሰጣት። እማዬ ስሟን ለመጥራት እምቢ አለች፤ «እንግዳዋ» ነው የምትላት። እንግዳዋ ደግሞ ከእንጨት ጎጆዋ ውስጥ ጥግ ይዛ ንቅንቅ አልል አለች። አንደኛው ቀን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ድርቆሹ እንደተቀመጠ ነው። እኔ ሆዴ ላይ ተኝቼ በትንሿ በር አጮልቄ ሳያት የሚታየኝ የአፍንጫዋ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ከሥራ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ «በላች?» አለችኝ።

«አልበላችም።»

«ምንድን ነው የሰጠሻት?»

«ድርቆሽ።»

«ድርቆሽ! እንግዳ ቤቴ ገብቶ ድርቆሽ! ምን ታድርግ እሷስ!»

ኩሽና ገባች። ሰላጣውን ቅጠል በቅጠል አጠበች፣ ካሮቱን በቀጭኑ ከተፈች፣ ከዚያ ለሰው ብቻ የሚወጣውን ዳሩ አበባ ያለበትን ሳሕን አወጣች። ያቺ አይጥ ፈሪ እናቴ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካ በሽቦው መካከል ጉርሻ ዘረጋች። «በሞቴ» አለቻት። «ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን!» ፍሌክሊ ጥግ ላይ ሆና ይብስ ተኮማተረች። እማዬ ተቀየመች። «ምን አድርጌያት ነው?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ከልቧ አዝና ነበር።

ከዚያ በኋላ እንግዳን ብቻውን መተው ነውር ነው ብላ በየሩብ ሰዓቱ ትገባለች። ትጠራታለች፣ ታባብላታለች፣ ጎጆዋን አንስታ «አለሽ?» ትላታለች። እኔም እንደዚያው። አንዳችን ስንወጣ አንዳችን እንገባለን። የምንወዳት ይመስለን ነበር። ለካ እየገደልናት ኖሯል።

እሑድ የቤት ጸሎቱ ተራ የእኛ ነበር። የኅብረታችን ሰዎች መጡ፤ ቤታችን አዲስ ነገር ገብቷል ሲባል ደግሞ ማን ይቀራል? በየተራ ገብተው «እንኳን ደህና መጣሽ» እያሉ ጎበኟት። ከዚያ መዝሙር ተጀመረ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ሹልክ ብዬ ገብቼ ሳያት መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። አንጀቴን በላችው።

ጋሽ በየነ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል። ጋሽ በየነ የኅብረታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዙሪክ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ትራም ሲነዱ ጡረታ የወጡ። ስለዚች አገር የማያውቁት የለም፤ የማያውቁትንም ያውቁታል።

«ጓደኛዋ የት አለች?» አሉ።

እማዬ ከበሩ ላይ «የምን ጓደኛ ጋሼ?» አለች።

«ምን? ብቻዋን ነው እንዴ የያዛችኋት? እኅት ጸዳለ! እዚህ አገር እኮ ሜርሶይሊ ብቻዋን ማኖር በሕግ የተከለከለ ነው!»

ከሳሎን አንዲት እኅት «አቤት! እዚህ አገር አይጥም ጠበቃ አላት!» ስትል ሁሉም ሳቀ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም። «በሕግ?» አለች ቀስ ብላ፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ጠራችኝ። «ሶሲ፣ ሴትዮዋ ይህን ነግራሽ ነበር?»

«አልነገረችኝም» አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው እንግዲህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከአፍ ሳይወጣ የቀረው ግን ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። 

እማዬ ውሳኔዋ ቁርጥ ያለ ነበር። እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳያይ፣ ትምህርት ቤትም እንዳላወራ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንስሳት መጠለያ ትሄዳለች። «በአንቺ ጨክኜ አይደለም» አለችኝ ሳለቅስ። «ደብዳቤው ደጃፍ ላይ ደርሶ በአይጥ ምክንያት ይመለስ?» የበሩ ደወል በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን ሳጥኑ ላይ ጣል ታደርጋለች። እኔም በሁለት በኩል ተያዝኩ። ፍሌክሊ ከቀረች ያ መስኮት ላይ ያለው ሽማግሌ ካንቶን ያየንና ደብዳቤውን ይቀድደዋል፤ ከሄደች ደግሞ የምትሄደው በእኔ ውሸት ነው። ሌሊት እኛ ስንተኛ ከምትቆነጥረው ጥቂት ድርቆሽ በቀር ምንም አትበላም፤ አከርካሪዋ በጸጉሯ ውስጥ ይታይ ጀምሯል።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም። እማዬም ከሥራ ገብታለች። ደወሉ ጮኸ፤ ነጠላው ተጣለ፤ በሩን ከፈትን። ደረቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው እጁ ትንሽ መሣሪያ የያዘ ሰውዬ ቆሟል። «ግሩኤትሲ!» ብሎ ሰላምታ ሰጠን፤ «ክፍሎቹን ማየት እችላለሁ?» አለና ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቆ ገባ።

እማዬ ክንዴን ጨመቀችኝ። «መጡ» አለች።

ሰውዬው ሳሎኑን በቁሙ አየት አድርጎ ቀጥ ብሎ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። ቀጥ ብሎ! ከሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከ። በዚያች ቅጽበት ነጠላው ሥር ጎጆዋ ተንጓጓ፤ ነጠላውም ተነቃነቀ።

እማዬ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ንገሪው!» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪው ሶሲ። ሕጉን አላወቅንም ነበር በዪው። ብቻዋን ማኖር መከልከሉን የሰማነው እሑድ ነው። ልጅቷ ሕፃን ናት፣ ጥፋት ካለ የእኔ ነው በዪው። ስድስት ዓመት እዚህ ስንኖር አንድ ቀን ሕግ ተላልፈን አናውቅም። ቅዳሜ ልንወስዳት ነበር፤ ከፈለገ ዛሬም ይውሰዳት። ማመልከቻችንን ግን እንዳይነካብን፣ በእናቱ በዪው!»

ይህን ሁሉ አስተረጎምኩ። አንዲት ቃል አላስቀረሁም፤ «በእናትህ» ሳይቀር። እንባዬ እየወረደ።

ሰውዬው እንደተንበረከከ፣ መሣሪያውን እንደያዘ እኔንና እማዬን በየተራ አየን። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ «እኔ የመጣሁት የማሞቂያውን ቆጣሪ ላነብ ነው» አለ።

«ምን አለ?» አለች እማዬ።

«የማሞቂያ ቆጣሪ ሊያነብ ነው የመጣው።»

«ምን?»

«ማሞቂያውን፣ እማዬ።»

ሕንፃው መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ከተለጠፈ ሳምንት አልፎት ኖሯል። ወረቀት ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር፤ እኔ ግን በራሴ ጉድ ተጠምጄ ቀና ብዬም አላየሁትም። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሰውዬው ነጠላውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ በራ። ፖሊስም፣ ካንቶንም፣ ማንም ለዚህ ብሎ አይመጣባችሁም አለን፤ ግን ብቻዋን ናትና ለእሷ ስትሉ ጓደኛ ፈልጉላት። ሥራው የሰው ቤት መግባት ስለሆነ ብዙ ነገር ያያል፤ ቪንተርቱር ውስጥ ጓደኛ ለሞተባቸው ሜርሶይሊዎች ጓደኛ የሚያውሱ አንዲት አሮጊት ያውቃል፤ ይሁንታቸውን ጠይቆ ወረቀት ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ ይጥልልናል። ከዚያ ሲነሳ ድንገት «የሰጧችሁ ሰዎች ግን አልነገሯችሁም እንዴ? ሁልጊዜ ይናገራሉ እኮ» አለኝ።

ለማስተርጎም አፌን ከፈትኩ። እማዬ አልጠበቀችኝም።

«ነግራሽ ነበር?» አለችኝ በአማርኛ።

ለካ እማዬም ጆሮ አላት! ስድስት ዓመት ሙሉ እየሰማች ነው። እኔ ረስቼው ነበር።

«ነግራኛለች» አልኩ።

ሰውዬውን እስከ በሩ ሸኘች። ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ሐኪሙስ?» አለችኝ። «ጀርባዬን ያየ ጊዜ ምንም አይደለም ብሏል ያልሽኝ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማዬ! እውነት ምንም አይደለም ብሏል!»

«መምህርሽስ?»

የአልጋ ልብሱን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«መምህርሽስ፣ ሶስና?»

«ብዙ ታወራለች ነው ያለችው።»

ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ያዘችው። «እሱንስ ያለ አስተርጓሚም አውቀዋለሁ» አለች። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ስሚኝ ልጄ። እኔ በዚህ አገር የምሰማው በአንቺ ነው። ክፉ ነገር ከሆነ ክፉውን ንገሪኝ። አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ተነስቼ መላ እፈልጋለሁ። ያልሰማሁትን ግን ምን አደርገዋለሁ?»

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ከፖስታ ሳጥን የሚወጣውን ወረቀት ሁሉ ለእኔ ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ለጋሽ በየነ ትወስደው ጀመር።  ወረቀቱ በአጠገቤ እያለፈ ሲሄድ አያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሕመም አላውቅም።

ሰውዬው ቃሉን ጠበቀ፤ ዓርብ ዕለት ወረቀቱን ጥሎልን አገኘን። ቅዳሜ ወደ መጠለያው መሄዱ ቀርቶ ወደ ቪንተርቱር ተጓዝን፤ አስተርጓሚው ጋሽ በየነ ናቸው፣ እኔ ሳጥን ተሸካሚ። እማዬ ባቡር ላይ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ለፍሌክሊ ትኬት ካልቆረጥኩ ብላ ግብ ግብ ገጠመች። ተቆጣጣሪው ሳጥን ውስጥ ያለ ትንሽ እንስሳ በነፃ ነው የሚሄደው ብሎ ቢምልም አላመነችውም። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ይሁኑ፣ በደንብ ይጠይቁልኝ» ትላለች። እስክንወርድ ድረስ ቦርሳዋን ከእጇ አላስቀመጠችም።

ፍራው ብሩነር፣ ወይዘሮ ብሩነር ማለት ነው፣ ይባላሉ አሮጊቷ። በራቸው ሲከፈት ያ የድርቆሽ ሽታ ነው መጀመሪያ የተቀበለን፤ የሞቀ፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫ የሚኮረኩር። አንድ ክፍል ሙሉ ሜርሶይሊ። እኛን ሳይሆን ፍሌክሊን ረጅም ጊዜ አዩ፣ እንዴት እንደያዝናት ጠየቁ፣ ከዚያ ብዙ ተናገሩ። ብዙ ብላችሁ ብዙ።

ጋሽ በየነ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «መልካም ነው፣ ትለምዳለች ይላሉ» አሉ።

እማዬ ፍራው ብሩነርን አየች፣ ጋሽ በየነን አየች። «ይህን ሁሉ ተናግረው ይቺን ብቻ?»

«ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።»

እማዬ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። እኔም ከጥጌ ሆኜ፣ ጋሽ በየነን እየፈራሁ፣ ያሉትን በሙሉ ነገርኳት። ጎጆዋን አታንሱባት። በእጅ አታጉርሷት። እናንተ ዓይን ውስጥ ስትገቡባት ጭልፊት የመጣባት ይመስላታል። ክፍሉን ዝጉላትና ተዉአት። የመልመዷ ምልክት ደግሞ ይህ ነው፤ ወረቀት ወይም ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ድርቆሽ መጣ ብላ የጮኸች ቀን፣ ያን ቀን ቤቷ ገብታለች።

«እንግዳ ብቻውን ይተዋል እንዴ?» አለች እማዬ። «ነውር አይደለም?»

ጠየቅኋቸው። ፍራው ብሩነር ሳቁና «የእሷ ክብር አለመታየት ነው በያት» አሉኝ። ጋሽ በየነ «ያው እኔ እንዳልኩት ነው» ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ።

ያዋሱን አንድ ወፍራም፣ አንድ ጆሮው የተጠማዘዘ፣ ዕድሜ የጠገበ ወንድ ነው። ተኮላሽቷል፤ መውለድ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ገና ስታየው «ሽማግሌው» አለችው። «እኛ ብንለምናት እምቢ አለች። እንግዲህ ሽማግሌ እንላክባት።»

ቤት እንደገባን በሩን ዘጋን። ለእማዬ እንዴት ያለ ፈተና እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ሰላጣ አጥባ ይዛ በሩ ጋ ትደርሳለች፣ ትመለሳለች፣ ራሷ ትበላዋለች። እኔም ሳሎን ውስጥ በእግሬ ጣት ነው የምሄደው። ሽማግሌው ግን ምንም አልመሰለው፤ የራሱ ርስት ላይ እንደተቀመጠ ሁሉ መሐል ላይ ተዘርፍጦ ክርች ክርች እያደረገ ድርቆሹን ያደቅቃል። በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በበሩ ስንጥቅ፣ እማዬ ከላይ እኔ ከታች፣ አጮልቀን ስናይ ፍሌክሊ ብቅ አለች። ሽማግሌው አፍ ላይ የተንጠለጠለውን የድርቆሽ ዘለላ በአንድ ጫፍ ያዘች። ጎተተች። በላች።

«በላች!» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ፤ እጇ ራሴ ላይ ነበር፣ ጸጉሬን ጨመደደችው። «ተመስገን ጌታዬ፣ በላች!» ቤታችን ሰው የዳነ ያህል ተቃቅፈን ዘለልን፤ ያውም ያለ ድምፅ።

ሰላጣ በላች፣ ካሮት በላች፣ ወፈረች። ጩኸት ግን የለም። ከረጢት ሳንኮሻኩሽ ሽማግሌው ቀና ይላል፣ እሷ ዝም። የፖስታ ሳጥኑ ወረቀትም አሁንም ወደ ጋሽ በየነ እንደሄደ ነው።

በመጋቢት ወር አንድ ማክሰኞ፣ እማዬ ከሥራ ስትመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ኮቷን አላወለቀችም። እጇ ላይ ያልተከፈተ ወፍራም ፖስታ አለ። የካንቶኑን ምልክት ከሩቅ አወቅሁት።

«ለጋሽ በየነ ልደውልላቸው?» አልኳት።

«ጋሼ ያሳጥራሉ» አለች። ፖስታውን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንብቢ። አንድም ሳታስቀሪ።»

ቀደድኩት። ወረቀቱን ሳወጣው ተንኮሻኮሸ፤ ገና ከመንኮሻኮሹ ከመኝታ ክፍሉ አንድ ነገር «ዊይይክ! ዊይይክ!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም ዘለልን። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ድምፅ፣ የእሷ፣ ቀጥሎ የሽማግሌው ወፍራም ድምፅ።

«ምን ሆኑ?» አለች እማዬ።

«ድርቆሽ የመጣ መስሏቸው ነው! እማዬ፣ ፍሌክሊ እኮ ናት! ጮኸች!»

እማዬ ወደ ክፍሉ አየች፣ ወደ ወረቀቱ አየች። «ይጠብቁ» አለች። «አንብቢ።»

አነበብኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አነበብኩ፣ መንገዱን፣ ስልክ የሚያነሱበትን ሰዓት፣ ቀኑን፣ የመዝገቡን ቁጥር አነበብኩ። የእማዬ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል፤ እሱንም ነገርኳት። ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር «ይህ አልገባኝም» እያልኩ አነበብኩ። ከኋላ ጩኸቱ አላቆመም። ከዚያ ወፈር ባለ ቀለም የተጻፈው መስመር ጋ ደረስኩ፤ ሁለቴ ለራሴ አየሁት።

«ማመልከቻዎ ተቀባይነት አግኝቷል ይላል።»

እማዬ ግድግዳውን ያዘች። «ቀጥይ።»

«እማዬ፣ ተቀባይነት...»

«ሰምቻለሁ። ቀጥይ፤ አልጨረስሽም።»

ቀጠልኩ። ፎቶግራፍ ይዘን የምንሄድበትን ቦታ፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚለውን፣ ከሥር የፈረመውን ሰው። ሽማግሌ አልነበረም፤ የሴት ስም ነው። የአባሪዎቹን ዝርዝር ሳይቀር ጨረስኩ።

«የቀረ አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም የቀረ የለም፣ እማዬ።»

ያን ጊዜ ኮቷን እንደለበሰች የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠችና ጮክ ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ጎትታ አቀፈችኝ፤ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች። ደብዳቤውን አጣጥፋ መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«በይ ይህን ከወረቀቶቻችን ጋር አስቀምጪ፤ ከዚያ ድርቆሹን ይዘሽ ሂጂ» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች። «ቤተኞቹ ርቧቸዋል።»